ጎል አታግባ ብዬ የለመንኩት አጥቂ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ሃሪ ኬን ጎል እንዳያገባ እመኝ ነበር። የገዛ ክለቤ አጥቂ። ለዚያውም ስሙ ጀርባዬ ላይ ተጽፎ።

ቶተንሃም ነኝ። ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

ያ የውድድር ዓመት እንዴት እንደነበር ላስታውሳችሁ። አሰልጣኛችን ሞሪንሆ የሊግ ካፕ ፍጻሜ ስድስት ቀን ሲቀረው ተሰናበተ። ፍጻሜውን በማንችስተር ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሊጉን 7ኛ ሆነን ጨረስን። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው 23 ጎል አግብቶ፣ 14 አመቻችቶ፣ በሁለቱም ከሊጉ አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለ አጥቂ 7ኛ የወጣ ቡድን ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ ጥያቄውን ሸሸሁት። ታናሽ ወንድሜ ግን በቀን ሦስቴ ያነሳብኝ ነበር። እሱ ሲቲ ነው።

ነገሩ የጠናብኝ ሜይ 19 ነው። በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ፣ ከአስቶን ቪላ ጋር። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ ኬን ሜዳውን እየዞረ ለደጋፊው እጁን አውለበለበ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ተጫዋች የሚያደርገው ነው። እኔ ግን ቪዲዮውን እያስቆምኩ፣ ፊቱን በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ አየሁት። ዓይኑ እርጥብ ነው? ላብ ነው? ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር ለካ።

«ይኼማ ቻው ነው» አለ። «አይዞሽ እህቴ።»

በዚያው ሰሞን ኬን ከኳስ ተንታኙ ጋሪ ኔቪል ጋር ጎልፍ ሜዳ ላይ ያደረገው ቃለ ምልልስ ወጣ። ከክለቡ ሊቀመንበር ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር እንደሚፈልግ ተናገረ። የሲቲውን አማካይ የደ ብሩይነንም ኳስ አደነቀ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ምንም ማስረጃ አላስፈለገውም። ስልኩ ላይ ያለውን የኳስ ጌም ከፍቶ ኬንን የሲቲን ሰማያዊ አልብሶ አሰለፈው። ከደ ብሩይነ ፊት። እያመጣ ያሳየኝ ነበር።

ከዚያ ተጫዋቹ ብሔራዊ ቡድን ካምፕ ይገባል፤ ለደጋፊ ከዚህ የከፋ የለም። ክለቡ አይናገርም፣ ተጫዋቹ ስለ ዝውውር ሲጠየቅ «ትኩረቴ ውድድሩ ላይ ነው» ይላል፣ አንተ የቀረህ ከልምምድ የሚለቀቁ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። እንግሊዝ ካምፕ ውስጥ ደግሞ አራት የሲቲ ልጆች ነበሩ፦ ስተርሊንግ፣ ፎደን፣ ስቶንስ፣ ዎከር። ኬን ከነሱ ከአንዱ ጋር በሳቀ ቁጥር ቀኔ ይበላሻል። ከዎከር ጋር ሲሆን ይሻለኝ ነበር፤ የድሮ የኛ ልጅ ነው፣ ስለ ድሮው እያወሩ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

እዚህ ላይ ነው ያን ክፉ ሐሳብ የወለድኩት። ሂሳቤ ይኼ ነበር። ጎል ካገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ሲቲም እጁን ይዘረጋል። ከጠፋ ግን «28 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለዚህ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ብለው ሌላ ያያሉ። ስለዚህ ይጥፋ። እንግሊዝ ታሸንፍ፣ ግን ሌላ ሰው ያግባ።

መጀመሪያ ላይ ምኞቴ ሰመረ። ክሮኤሺያ ላይ ባዶ። ስኮትላንድ ላይ ባዶ፣ ተቀይሮም ወጣ። ቼክ ላይ ባዶ። ሰው ሁሉ ወረደበት። ደክሟል፣ ልቡ እዚህ የለም፣ ሐሳቡ ዝውውሩ ላይ ነው ተባለ። እኔ አፌን ሞልቼ እከራከርለታለሁ። «ኳስ ማን ሰጠው?» እላለሁ። ውስጤ ግን በደስታ ይጨፍራል። እንዲህ ያለ ሁለት ምላስ ከየት እንዳመጣሁት እኔም ይገርመኛል።

ጁን 29፣ ዌምብሌይ፣ ከጀርመን ጋር። ስተርሊንግ ቀድሞ አግብቷል። እፎይ፣ ስተርሊንግ ነው። 86ኛው ደቂቃ ላይ ኳሱ ወደ ግራ ወጣ፣ ግሪሊሽ አሻገረ፣ ኬን ጎንበስ ብሎ በጭንቅላቱ ገጨው። መረብ።

ዘለልኩ። ሳላስበው ነው የዘለልኩት። ጮኼ ወንድሜን አቀፍኩት። አየር ላይ እያለሁ ነው የሆነው ነገር የገባኝ። እሱ ደግሞ እንደታቀፈ በጆሮዬ «ዋጋው ጨመረ፣ ግን እንከፍላለን» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ዩክሬን ላይ ሁለት፣ ዴንማርክ ላይ ግብ ጠባቂው ሹማይክል የመለሰበትን ፔናሊቲ ደግሞ መትቶ አንድ። ፍጻሜውን በጣሊያን በመለያ ምት ተሸነፉ። እኔ ጎሉን ስቆጥር የዋንጫው ነገር አምልጦኛል።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ኦገስት 5 ላይ ሲቲ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ተጫዋች አስፈረመ፤ ግን ግሪሊሽን፣ ኳሱን ያሻገረውን ልጅ። ኦገስት 15 የሊጉ መክፈቻ ላይ ራሱን ሲቲን ገጠምን። ኬን በስብስቡ ውስጥ አልነበረም፤ ሶን አግብቶ 1 ለ 0 አሸነፍን። ኦገስት 25 ኬን እንደሚቆይ በራሱ ገጽ ጻፈ። ወንድሜ ስልኩን ዝም ብሎ አቀበለኝና ክፍሉ ገባ። ኬን ጌሙ ውስጥ ግን እስከ ጥር ድረስ ሰማያዊውን እንደለበሰ ቆየ።

እና ያ ሁሉ ሟርት? እጅ ማውለብለቡ፣ ሳቁ፣ ጎሉ? አንዱም ነገሩን አልወሰነም። የወሰነው በ2018 የተፈረመ የስድስት ዓመት ውል ነው። እስከ 2024 የሚቆይ። ሦስት ዓመት የቀረው ተጫዋች የያዘ ሊቀመንበር፣ ያውም ዳንኤል ሌቪን የመሰለ፣ አልሸጥም ካለ አልሸጥም ነው። በ2023 ግን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ሆነ። በዚያው ኦገስት ባየር ሙኒክ ወሰደው። ያኔ የማንንም ዓይን በጣት መለጠጥ አላስፈለገም።

ተጫዋቹ ራሱ በአፉ የተናገረው እንኳ ብዙ አያስኬድም። ፈረንሳዊው አጥቂ ግሪዝማን በ2018 የዓለም ዋንጫው በተከፈተበት ቀን አትሌቲኮ ማድሪድ እቆያለሁ ብሎ በፊልም አሳወጀ። በፊልም እኮ ነው! በዓመቱ ባርሴሎና ገባ።

ስለ ኬን አሁን ቂም የለኝም። በሜይ 2025 እሱ ከባየር ጋር የጀርመንን ሊግ በላ፣ እኛ በዚያው ወር ዩሮፓ ሊግን። ሁለታችንም ዋንጫ ያየነው ከተለያየን በኋላ ነው። ያናድዳል፣ ግን እውነት ነው።

የ2026 የዓለም ዋንጫ ነው ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ። ኖርዌይ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች፣ የሲቲው አጥቂ ሃላንድም አለበት። ወንድሜ አንድ ማታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሳልጠይቀው «ውሉ እስከ 2034 ነው» አለኝ።

«ማን ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።» ትንሽ ቆየና «ሪያል ማድሪዶች ግን ዝም አይሉም አይደል?» አለ።

ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት አያውቅም። ስልኬን አስቀመጥኩና «እውነቱን ንገረኝ፣ ዓለም ዋንጫው ላይ ጎል ቢያገባ ደስ ይልሃል?» አልኩት።

ብዙ አሰበ።

«አንድ» አለ። «ቢበዛ ሁለት።»