መሄዱ ዳገት፣ መምጣቱ ቁልቁለት

እህቴ ዋሽንግተን ላይ መውለጃዋ ሲደርስ፣ እናቴ ልታርሳት እንድትሄድ ተወሰነ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፋ አታውቅም። ቪዛው ሲገኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መንገዱ ምን ያህል ነው?»

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አልኳት። ዝም አለች። እሷ የምታውቀው ርቀት ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣትን ነው። ከእኛ ከተማ አዲስ አበባ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለወፍ ቢሆን 190 እንኳ አይሞላም። አስልቼ «አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ መልስ እንደማለት ነው» ስላት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

ኅዳር ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሣች። የእህቴን ስልክ ቁጥር የጻፍኩላትን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደወሉልኝ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፤ እዚያ ገና ማለዳ ነበር። «ልጄ፣ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ስለሚበር ከጨለማው ጋር አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀችባት ሰዓት ጀምሮ ጎሕ እስኪቀድ ሃያ ሰዓት ገደማ ጨለማ ውስጥ ነበረች።

መሄጃው 17 ሰዓት ፈጀ፤ ደብሊን ላይ ወርዶ ነዳጅ ቀድቷል። የካቲት ላይ ስትመለስ ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ቦሌ ገባ። እናቴ ይህን ልብ ብላዋለች። መናኸሪያ ስቀበላት ገና ጓዟ ሳይወርድ «መሄዱ ዳገት ነው፣ መምጣቱ ቁልቁለት» አለችኝ።

ስለ ዳገቱ ብዙ አስቤበታለሁ። ደብሊን መንገዱ ላይ ስላለች ጎራ ማለቱ ርቀቱን የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከእኛ አዲስ አበባ ያለውን እንኳ አያህልም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ በቂ የሚደግፈው አያገኝም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ዋሽንግተን ግን ቆላ ናት፤ ሞልቶ ይነሣል። ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይረዳል። አውድማ ላይ ነፋስ ጠብቃ እህል ያዘራች ሴት ይህን ለመረዳት አልተቸገረችም።

አሁን የግድግዳ ሰዓቱን እያየች ስምንት ትቀንስና «ሕፃኑ ይኼኔ ተኝቷል» ትላለች። መጋቢት መግቢያ ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ሲገፉ፣ ከእንግዲህ የምትቀንሺው ሰባት ነው አልኳት። ፊቷ በራ።

«ተመስገን፣ አንድ ሰዓት ቀረቡን» አለች።