ቀይ ጥፍር

ዛሬ ቱርክ፣ አቫኖስ ከተማ፣ አንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቼ ጉድ ሆንኩ። ሽማግሌው በእግር የሚገፋው መንኮራኩር ላይ አስቀመጡኝና ጭቃ ሰጡኝ። ማሰሮ ልሠራ ነበር፤ የወጣው የተጨማደደ ባርኔጣ ነው። ተሳሳቅን።

ስታጠብ ግን ጥፍሬ ሥር የገባው ቀይ አልለቅም አለ። ሽማግሌው በመስኮት ወንዙን ጠቆሙኝ። ለካ ጭቃው ከዚያ ነው! ስሙም ኪዚልኢርማክ፣ ቀይ ወንዝ። የእሳቸው ጥፍር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ ማስለቀቁን የተዉት ይመስላል።

ከተማው መሃል የሸክላ ሠሪ ሐውልት ቆሟል። የጄኔራል አይደለም፣ የሸክላ ሠሪ! እኛ አገር «ቡዳ» እየተባሉ የተገለሉት ትዝ አሉኝ። በምጣዳቸው እየጋገርን፣ በጀበናቸው ቡና እያፈላን።

እስካሁን ጥፍሬን እያየሁ ነው።