እንኳን አብሮ አደረሰን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቀዳም ሥዑር። «ሥዑር» የተሻረ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ከእህል ውሃ የማይጾመው ቅዳሜ፣ በዓመት አንዴ ዛሬ ይጾማልና። የቁሌቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ጠዋት ካህኑ ቃጭል እያስቃጨሉ መጥተው «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ብለው የሰጡንን ቄጤማ እናቴ አሁንም ራሷ ላይ እንዳሰረችው ናት። 55 ቀን ጾማ ድካም አይታይባትም።

ስልኬ ግን ከቀትር ጀምሮ አላረፈም። አንድ ዓይነት ምስል ከአሥራ አንድ ሰው ደርሶኛል። ያው ሻማ፣ ያው ጽሑፍ። ከላኪዎቹ የሁለቱን ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

ምስል መላኩ ክፉ ነው አልልም። የፋሲካ ሰላምታ ግን መልስ ይፈልጋል። አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል። «አሰሮ ለሰይጣን» ሲባል «አግዐዞ ለአዳም»። «ሰላም» ሲባል «እምይእዜሰ»። «ኮነ» ሲባል «ፍሥሐ ወሰላም»። ግማሹ ያንዱ ነው፣ ግማሹ የሌላው። መላሽ ከሌለ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እናቴ ግዕዝ አልተማረችም፤ አንዷን ግን አትስትም። ትርጉሙን ስጠይቃት «ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ነዋ!» አለችኝ፣ ሽንኩርቱን ማማሰሏን ሳታቆም።

አማርኛውም ቢሆን ቀላል አይደለም። «እንኳን አደረሳችሁ» ስንል ያደረሰንን በስም አንጠራውም። ግሡ ውስጥ አለ። ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ብዙ ጊዜ የሆነው፣ በእምነት ጉዳይ ሁሌ የሚከራከረኝ ጓደኛዬ እንኳ በበዓል «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። ሙስሊሟ ጎረቤታችንም ለፋሲካ እንዲሁ ትለናለች፤ እኛም ለዒድ እንላታለን። በእውነት ይህን ቃል እወደዋለሁ። «መልካም በዓል» የሚለው ስለ ቀኑ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ግን መንገድ ነበረ፣ ሁሉም አልደረሰም ይላል።

እኛ ቤት ዘንድሮ አጎቴ አልደረሰም። አምና በዚህች ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ ደውሎ «ክርስቶስ ተንሥአ!» ብሎ ጮኾብኝ ነበር። እኔ እንቅልፍ ይዞኝ «አቤት?» አልኩት። ሳቀና ደገመልኝ። ያኔ መለስኩለት። ቁጥሩን ከስልኬ ማጥፋት አልሆነልኝም።

ለሁለቱ ምስል ላኪዎች ዛሬ ሌሊት ከቅዳሴ ስንወጣ እደውላለሁ። ከእንቅልፋችሁ ብቀሰቅሳችሁ ይቅር በሉኝ፤ ብቻ አንሡት። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፣ «በል ተነሥ፣ ረፈደ» እያለችኝ ነው።