«ካሜራው ያያል እኮ»

በገና ሰሞን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ኦሪዮን ከአናታችን በላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጋይዲንጉ፣ ማለትም ካሜራ አንድ ኮከብ እያየ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያስኬድበት ሥራ፣ እንደ ልማዱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ተበላሸ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የኮከቡን መንሸራተት የሚያሳየው ግራፍ ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። ቀዩም ሰማያዊውም መስመር ከዜሮ ብዙ ሳይርቁ ያመሻሉ። ኦሪዮን ሜሪዲያንን፣ ሰማዩን ለምሥራቅና ለምዕራብ የሚከፍለውን መስመር፣ ተሻግሮ ቴሌስኮፑን የተሸከመው ማውንት ቱቦውን ወደ ሌላው ጎን ሲገለብጥ ግን ሰማያዊው መስመር ሽቅብ ይነሣና አይመለስም። የጋይዲንጉ ፕሮግራም ፒኤችዲ 2 ኮከቡን ወደ ምሥራቅ መመለስ ሲገባው ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ራቀብኝ ብሎ ደግሞ አጥብቆ ይገፋዋል። ጥቂት ቆይቶ ኮከቡ ስክሪኑ ላይ ከሚፈለግበት ሳጥን ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ጠፋብኝ ብሎ ይጮኻል። ዘበኛው ሳይቀር ድምፁን ለምዶት፣ ጋቢውን እንደተከናነበ በበሩ ብቅ እያለ «ዛሬም አመለጠ?» ይለን ነበር።

ማውንቱን የገጠመልን ከአስመጪው የተላከው ኢንጂነር ነበር። እጁ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አይነፍገውም። በአዲስ አበባ ሰማይ የሰሜኑ ዋልታ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ብዙ ማውንቶች ደግሞ ከ10 ወይም ከ15 ዲግሪ በታች ዝቅ ማለት አይችሉም። እሱ ከሥሩ ሽብልቅ አስገብቶ አጋደለው። የሰሜን ኮከብ በባሕር ዛፍና በአቧራ ስለተጋረደ፣ የሌላ ኮከብ መንሸራተት እያየ ዋልታውን በትዕግሥት አገኘው። ሥራው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እስከ ዛሬ እያመሰገንኩት በኖርኩ።

ነገሩ የተበላሸው በኬብሉ ነው። ቴሌስኮፑን የሚያዞረው ፕሮግራምም ፒኤችዲ 2ም ማውንቱ የሚገናኝበትን የኮምፒውተር ፖርት፣ ኮም 4ን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ከያዘው ሌላው ሊከፍተው አይችልም። መፍትሔው የታወቀ ነው። ፖርቱን አስኮም የሚባለው፣ ፕሮግራሞቹን ከማውንቱ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ብቻ ይይዛል፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚፈልጉትን ለድራይቨሩ ይነግሩታል። ኢንጂነሩ ግን አቋራጭ መረጠ። ከጋይድ ካሜራው ጀርባ የኤስቲ-4 ኬብል አውጥቶ በቀጥታ ማውንቱ ላይ ሰካው። የስህተት መልእክቱ ጠፋ። እሱም ደስ አለው።

በዚያ ኬብል የሚያልፈው ግን ግፊት ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ። ቴሌስኮፑ የት እያየ እንደሆነ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ፒኤችዲ 2 ዴክሊኔሽኑን፣ ማለትም ኮከቡ ከሰማይ ወገብ በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ፣ አያውቅም፤ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ተለክቶ የተያዘ ግፊት በ60 ዲግሪ ላይ ኮከቡን በግማሽ ብቻ እንደሚያንቀሳቅሰውም አያሰላም። ይህስ ይሁን፣ ኦሪዮን ለሰማይ ወገብ ቅርብ ስለሆነ ብዙም አይጎዳንም። የሚጎዳን ቱቦው ከምሰሶው አንዱ ጎን ወደ ሌላው መዞሩን አለማወቁ ነው፤ ቱቦው ሲዞር ካሜራውም አብሮ ተገልብጦ ቀኙ ግራ ይሆናልና።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ጠየቅሁት።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፒኤችዲ 2 ማውንቱ መገለበጡን በምን ያውቃል?»

«ካሜራው ያያል እኮ፣ እህቴ።»

«ካሜራው የሚያየው ኮከቡን ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን እንዲያይ ፈለግሽ?»

ዶክተራችን ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ስኳሩን እያማሰልኩ ዝም አልኩ፤ ግን አላስቻለኝም። «የሚኒባስ ረዳት ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ ‹ወደ ቀኝ!› ቢል፣ ሹፌሩ ወዴት ነው የሚያጥፈው?» አልኩት። «ረዳቱ ዓይን አለው፣ መንገዱንም ያያል። መዞሩን ግን ለሹፌሩ አልነገረውም።»

ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። የሚቀጥለውን አረፍተ ነገር ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፤ «የእኔ እህት፣ ይህ ታክሲ አይደለም፤ የካሜራው ሴንሰር ደክሟል፤ አታስቢ፣ እናስቀይረዋለን።» ስልኩንም አውጥቶ እዚያው ለቢሮው ደወለ። ኮከብን በግራ ሲሆን አጥርቶ የሚያይ፣ በቀኝ ሲሆን የሚደክም፣ ያውም ሰዓት ጠብቆ የሚደክም ሴንሰር ሰምቼ አላውቅም። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን ከጥያቄ ይልቅ ግዢ ይቀልለዋል።

የዚያን ዕለት ማታ እሱ እራት ሊበላ ሲወርድ የጋይዲንጉን የምዝግብ ፋይል ከፈትሁ። ዴክሊኔሽን አይታወቅም፤ የምሰሶው ጎን አይታወቅም። የሌሊቶቹ ሁሉ መዝገብ ይህንኑ ይላል። ፕሮግራሙ አለማወቁን በየሌሊቱ በጽሑፍ ሲያመለክት ከርሟል፤ አቤቱታውን ያነበበለት አልነበረም። የማዞሪያውን ፕሮግራም ከኮም 4 አላቅቄ ከአስኮም ድራይቨሩ ጋር አገናኘሁት። ፒኤችዲ 2 ላይ ኬብሉን እንዳለ ትቼ፣ ረዳት ማውንት በሚለው ቦታ፣ ቱቦው የት እንዳለ እንዲነግረው ያንኑ ድራይቨር መረጥሁ። ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ግፊቱ ኮከቡን ወዴትና ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ የሚለካበትን ሥራ፣ ከሰማይ ወገብ አጠገብ እንደገና አስደርጌ ጠበቅሁ።

5 ሰዓት ሆነ። ማውንቱ ተገለበጠ፤ ኮከቡ ተመልሶ ተያዘ፤ ሰማያዊው መስመር ትንሽ ተንቀጠቀጠና ዜሮ ላይ ተኛ። ኢንጂነሩ በዚያው ቅጽበት ገባ። ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» አለ።

ለተማሪዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሁለቱን ፕሮግራሞች አስቀድማችሁ አስተዋውቁ እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ግማሹ እውነት ግን ነው። ፕሮግራም ማስተዋወቅ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ደረሰኝ ያለው ስህተት ግን ከእውነት በላይ ይከበራል።

አዲሱ ካሜራ በኋላ መጣ። ሲተካ ጋይዲንጉ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ደህና ሲሠራ ነበር። የአገልግሎት ሪፖርቱ «ጉድለት የነበረበት ጋይድ ካሜራ ተቀይሮ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ይላል፤ ዶክተራችንም ፈርመውበታል፤ ማኅተምም አርፎበታል። አሮጌውን ካሜራ «የተበላሸ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ አውጥቼ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ትንሹ ቴሌስኮፕ ላይ ገጠምሁት፤ በግራም በቀኝም ያያል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ለቆጠራ በመጣ ቁጥር ግን ይህ ዕቃ በመዝገብ ላይ ብልሽት ስለሆነ መሥራት የለበትም እያለ ከእኔ ጋር ይከራከራል።