ከ26 ወደ 29 ጎማ ስሻገር ማርሼን እንዴት እንዳስተካከልኩ

ቸርችልን ከለገሃር ተነስቼ እስከ ማዘጋጃ ቤት ከኮርቻዬ ሳልነሳ መውጣት ችያለሁ። በ29 ኢንች ማውንቴን ሳይክል። በአሮጌው 26 ድሮም እወጣው ነበር። ሳይክል ከቀየርኩ በኋላ ግን ያው ዳገት ከብዶኝ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነበር የምደርሰው። አሁን ስለተስተካከለልኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወደ 27.5 ወይም ወደ 29 እየተሻገራችሁ ስለሆነ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አጀማመሬን ላሳጥረው። ሰፈር ውስጥ በኪራይ ሳይክል ተማርኩ። ኋላ ያገለገለ 26 ገዛሁ። ፒያሳን፣ ራስ መኮንን ድልድይን፣ አራት ኪሎን በእሱ ለመድኩ። የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ይዞ ሲመጣ ሥራም በሳይክል መሄድ ጀመርኩ። በመጨረሻ ያገለገለ ግን ጥሩ የተያዘ 29 አገኘሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጎማው። 26፣ 27.5 እና 29 የሚባሉት ቁጥሮች የተነፋ ጎማን የውጭ ዲያሜትር በግምት የሚናገሩ ናቸው። እውነተኛው ልኬት ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፦ 559፣ 584 እና 622 ሚሊ ሜትር። ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 27.5 የሁለቱ አማካይ ይመስላል፤ አይደለም። ከ26 የሚበልጠው በ25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ29 የሚያንሰው ግን በ38። ወደ 26 ይጠጋል። 29 ደግሞ 622 በመሆኑ ከኮርሳ ሳይክል ጎማ፣ 700 ከምንለው፣ ጋር እኩል ነው።

ለማርሽ የሚያስፈልገን ግን የጎማው ዙሪያ ነው። ውፍረቱ 2.1 ኢንች የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 26ቱ 2.07 ሜትር፣ 27.5ቱ 2.15፣ 29ኙ 2.29 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶች ሳይነኩ ከ26 ወደ 27.5 ብትሻገሩ እያንዳንዱ ማርሽ በ4 በመቶ ይከብዳል። ወደ 29 ከሆነ ወደ 11 በመቶ። 4 በመቶ ብዙ አያስጨንቅም። 26 ላይ ከቀጭን 1.5 ጎማ ወደ 2.1 መቀየር ራሱ ያን ያህል ያከብዳል፣ ማንም ግን ጎማ ስላወፈረ ማርሽ ሲቀይር አይቼ አላውቅም። ለ27.5 ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ለ29 ግን አስቡበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፔዳሉ ጋ ያለውን የፊቱን ጥርስ ብዛት ለኋላው ታካፍላላችሁ፣ በጎማው ዙሪያ ታባዛላችሁ። የሚወጣው ቁጥር ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ሳይክሉ የሚሄደው ርቀት ነው። እኔ «የዙር ርቀት» እለዋለሁ። በኢንች የሚያሰሉም አሉ፤ የፊት ጎማው ግዙፍ ከነበረው ከጥንቱ ሳይክል የመጣ ልማድ ነው። ለእኔ ሜትሩ ይሻላል፤ ግቢ ውስጥ በጠመኔና በሜትር ማረጋገጥ ይቻላል። ጎማው መሬት የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሰው ተቀምጦበት ጎማው አንድ ዙር እስኪዞር ግፉት፣ እንደገና ምልክት አድርጉ፣ ለኩ። ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ስለሚጨፈለቅ ከላይ ከሰጠኋቸው የዙሪያ ቁጥሮች ትንሽ ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ።

አሮጌው 26 ከፊት 42፣ 32፣ 22፣ ከኋላ ከ11 እስከ 32 ጥርስ ነበረው። ቀላሉ ማርሽ 22 በ32 ነው። የዙር ርቀቱ 1.42 ሜትር። አዲሱ 29 ከፊት አንድ ብቻ፣ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 42። ቀላሉ 34 በ42፣ ማለትም 1.85 ሜትር። ልዩነቱ 30 በመቶ ነው። ጎማው የጨመረው 11 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረውን ያመጣው የጥርሱ ምርጫ ነው። ዓይን ግን ይሸወዳል፤ ከኋላ ያ ሰፊ 42 ጥርስ ሲታይ «ይሄማ ዳገት አይፈራም» ያሰኛል።

30 በመቶ በእግር ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ሰውና ሳይክል ተደምሮ 90 ኪሎ፣ ዳገቱ 10 በመቶ፣ ፔዳሉ በደቂቃ 60 ዙር ይሁን። በ1.42 ሜትር ወደ 125 ዋት ኃይል ይፈልጋል። በ1.85 ግን ወደ 163 ዋት። የጎማና የካቴና ሰበቃ ሳይቆጠር ነው። 163 ዋቱን ካላገኛችሁ ፔዳሉ ይዘገያል፣ ጉልበታችሁ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መጨረሻው ከኮርቻ መነሳት ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነገር ይመጣል። መሐል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንጦጦ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው «ለ29 ጎማ 32 ወይም 34 ጥርስ ይበቃል» ሲል ለራሱ አገር ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ እግር ሳይደክም ትንፋሽ ያልቃል። ስለዚህ የውጭ ምክር ስታነቡ ከፊት ቢያንስ ሁለት ጥርስ ቀንሱለት። ይህ የእኔ አቋም ነው፣ አጥብቄም ይዤዋለሁ።

ሳይክል የሚሠራልኝ ልጅ በዚህ አይስማማም ነበር። «ወንድሜ፣ ትልቅ ጎማ ይዘህ ትንሽ ጥርስ ምን ይሠራልሃል? እግርህ ሲጠነክር ይለቅሃል» አለኝ። እጁ ወርቅ ነው፣ ሥራውን አከብራለሁ። «እግርህ ይጠነክራል» የሚለውን ምክር ግን ከማንም አልቀበልም። ጉልበቱን እያመመው ሳይክል የተወ ሰው አውቃለሁ። ጎማ ሲያድግ የፊት ጥርስ ማነስ አለበት፤ 26 ላይ 32 የለመደ ሰው 29 ላይ ያንኑ ስሜት የሚያገኘው በ29 ጥርስ አካባቢ ነው።

ታዲያ 1.42ን ፍለጋ ገባሁ። የድሮውን ባለሦስት ክራንክ (ፔዳሎቹንና የፊት ጥርሶቹን የሚይዘውን ክፍል) ወደ አዲሱ ላዛውረው አሰብኩ። ፍሬሙ የፊት ማርሽ ቀያሪ የሚታሰርበት ቦታ የለውም፣ ተውኩት። ቀጥሎ 28 ጥርስ ከፊት፣ 46 ከኋላ አሰላሁ፤ 1.39 ሜትር። በጣም አማለለኝ። ግን አልሆነም፣ ምክንያቱንም ብታውቁት ከብዙ ድካም ያድናችኋል። የእኔ ክራንክ ላይ የፊቱ ጥርስ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። አራቱ ብሎኖች የሚሠሩት ክብ ዲያሜትር 104 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ እያነሰ ሲሄድ ካቴናው ወደ ብሎኖቹ እየተጠጋ ይመጣል፤ በዚህ ልኬት በተለምዶ የሚሠራው ትንሹ 30 ነው። የእናንተን ለማወቅ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ብሎኖችን ከመሐል እስከ መሐል ለኩ። 73.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 104 ነው። ከ30 በታች የሚፈልግ ሰው ጥርሱ ያለ ብሎን ክበብ በቀጥታ የሚገጠምበት ሌላ ክራንክ መግዛት አለበት።

ስለዚህ 30 ከፊት፣ ከ11 እስከ 46 ካሴት (የኋላ ጥርሶች ስብስብ) ከኋላ አደረግኩ። የዙር ርቀቱ 1.49 ሜትር። ከድሮዬ 5 በመቶ ያህል ብቻ ይከብዳል። ካቴናውን እንኳ ማስረዘም አላስፈለገም፤ ከፊት 4 ጥርስ ቀንሶ ከኋላ 4 ተጨምሯል፣ ድምሩ ያው 76 ነው። የኋላው ማርሽ ቀያሪ ግን 46 የሚችል ባለረጅም እጅ መሆን አለበት። ይህን ሳታጣሩ ካሴት አትግዙ። 42 ብቻ የሚችል ቀያሪ ላይኛው ጥርስ ላይ ይፋተጋል። ከካሴቱ በኋላ ቀያሪውን ከጥርሱ የምታርቀዋን ትንሽ ብሎን ማጥበቅም አይቀርም።

ስለ ካሴቱ ያልወደድኩትንም ልንገራችሁ። የጥርሶቹ ቅደም ተከተል 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ 21፣ 24፣ 28፣ 32፣ 37፣ 46 ነው። ከ37 ወደ 46 ያለው ዝላይ 24 በመቶ ነው። ዳገት መሐል ስትቀይሩ እግር ድንገት ባዶ ይሆናል፣ ምቱ ይጠፋል። እስካሁን አልለመድኩትም። መፍትሔዬ ዳገቱ ሳይበረታ ቀድሞ መቀየር ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ ገና ድልድዩ ላይ እያለሁ 46 ውስጥ እገባለሁ። ደስ የሚለው፣ አሁን 30 በ37 ስነዳ የዙር ርቀቱ 1.86 ያህል ነው። ያ መጀመሪያ ቀላሉ ማርሼ የነበረው አሁን ሁለተኛው ሆኗል። ቸርችልን አብዛኛውን በእሱ ወጥቼ 46ን ለመጨረሻው አቀበት አስቀምጠዋለሁ።

ፍጥነትስ? አዎ፣ ቀንሷል። 30 በ11 የዙር ርቀቱ 6.24 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 90 ዙር ቢነዳ ወደ 34 ኪሎ ሜትር በሰዓት። አሮጌው 26 በ42 ጥርሱ ወደ 43 ይደርስ ነበር። አሁን ከ34 በላይ በፔዳል መግፋት አልችልም። አላዝንም ግን። ከፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ እግረኛ አለ፣ ታክሲ በድንገት ይቆማል፣ እጃችን ፍሬን ላይ ነው። ቀላሉን ማርሽ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ከባዱ የተረፈው ይሁን። ሜዳ ለሜዳ፣ ሜክሲኮ መስቀል አደባባይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ይህ ምክር አይሠራም፤ እሱ 34ቱን ይያዝ።

አንድ የፊት ጥርስ ይሻላል ወይስ ሦስት? እዚህ ላይ ልቤ ተከፍሏል። ባለአንዱ ንጹህ ነው፣ ካቴና ብዙም አይወድቅም፣ ካቦ አንድ ብቻ ነው። ግን ባለሦስቱ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። 22ቱን ጥርስ የሚያህል ነገር የለም፤ ዕቃውም ርካሽ ነው፣ በየሰፈሩ የሚሠራው ሰው አይጠፋም። ያላችሁ ሳይክል ባለሦስት ከሆነ ፋሽን ተከትላችሁ አትንቀሉት።

ጓደኛዬ ለምሳሌ 27.5 አለው። ከፊት 42፣ 34፣ 24፣ ከኋላ ተጠምዝዞ የሚገባ ባለሰባት ማርሽ፣ ከ14 እስከ 28 ጥርስ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ይሰቃያል። ቀላሉ ማርሹ 1.84 ሜትር ነው፣ ከእኔ መጀመሪያው ጋር እኩል! ሁሉም ሰው ጎማው ትልቅ ስለሆነ ነው ይለዋል። አይደለም። ከኋላ ትልቁ ጥርስ 34 የሆነውን፣ ከ14 እስከ 34 ያለውን ቢያስገባ 1.52 ይሆንለታል፣ ክራንኩን ሳይነካ። መፍቻው ለዚሁ ብቻ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ያለው ሠራተኛ ጋ መሄድ ይሻላል፤ ማርሽ ቀያሪውም 34 መቻሉን አስቀድሞ ማየት ነው። ይህንን ነግሬዋለሁ፣ እስካሁን አልቀየረም።

እኔ ደግሞ የቀረችኝ ያቺ 5 በመቶ ናት። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ለመውጣት 28 ጥርስ ያስፈልገኛል ብዬ አምናለሁ። ጥርሱ በቀጥታ የሚገጠምበት ክራንክ፣ አገልግሎ የተሸጠም ቢሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያየ ካለ ይንገረኝ።