ልምድ ልውውጡ ምን ይዞልን መጣ?

ሰኔ ሲገባ በእኛ ሰፈር መንገድ ላይ ኮድ 4 ሰሌዳ የለጠፈ የመንግሥት መኪና ይበዛል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ነው። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አዳማ ሩቅ አይደለችም፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቢሾፍቱ ደግሞ ከዚያም ትቀርባለች። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሚኒባስና ፒክአፑ ወደ ክፍያ ጣቢያው ሲታጠፍ አያለሁ። ሁሉም ለስብሰባ ነው የሚሄደው አልልም። ግን ለምን በሰኔ እንደሚበዛ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ያደረገ ቢሮ ደግሞ ለከርሞ በጀት ሲጠይቅ "የአምናውን መቼ ጨረሳችሁ?" ይባላል። ስለዚህ ስልጠናው፣ ግምገማው፣ ልምድ ልውውጡ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ይደራረባል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንዲት ጎረቤቴ ጉዳይ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ዓይናቸውን መታከም አለባቸው፣ አቅም ስለሌላቸው ደግሞ ለነፃ ሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል። ደብዳቤውን ወደሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። ደረጃውን በምርኩዝና በእኔ ክንድ ነው የወጡት። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ "ለልምድ ልውውጥ ስለወጣን ሰኞ ተመለሱ" ይላል። አጠገቡ ያለው ቢሮ የምትሠራ ልጅ ወጣችና በትህትና አስረዳችን። "እህቴ፣ የእማማ ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል። የሚፈርም ሰው ነው የጠፋው። ማኅተሙም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል" አለችኝ።

እማማ አግዳሚው ላይ አረፍ አሉ። ትንሽ ቆይተው "ምን ሊማሩ ነው የሄዱት ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ሰው ተምሮ ሲመጣ ምን እንደተማረ ይናገራል። እኛ ግን ማን እንደሄደ፣ ስንት እንደወጣ፣ ምን ይዘው እንደተመለሱ የነገረን የለም። ደግሞስ መሄዱ የግድ ከሆነ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥቶ፣ ማኅተሙን አስረክቦ መሄድ ምን ይከብዳል?

ነገሩ የሚዞረው ውሎ አበል ላይ ነው። ስልጠናው በራሳቸው አዳራሽ ቢሰጥ የሚገኘው ሻይና ቆሎ ነው። ያው ስልጠና፣ ያው አሠልጣኝ አዳማ ሆቴል ውስጥ ሲሆን ግን አበል አለው፣ አልጋ አለው፣ ነዳጅ አለው። እንዲህ ከሆነ ቦታውን የሚመርጠው ትምህርቱ ሳይሆን አበሉ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

በሠራተኛው ላይ ለመፍረድ ግን ልቤ አይፈቅድም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። ከበፊቱ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ግን ልጅ ያለው ሰው የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ አስቤዛ ሸምቶ፣ ለታክሲ ምን ይተርፈዋል? አንዱ ሠራተኛ "አበል ባይኖር የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት አመጣ ነበር?" ብሎኛል፣ አምኜዋለሁ። ታዲያ ደመወዝ ካልበቃ ደመወዙ ይጨመር። በስብሰባ ስም የሚደጎም ደመወዝ መንገድ ለመውጣት ዕድል ያገኘውን ብቻ ነው የሚጠቅመው። መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ስታስተናግደን የምትውለው ልጅ ምንም አይደርሳት።

ልምድ መቅሰምም ጥሩ ነው። ግን ልምዱ እዚሁ ከተማ ውስጥ እያለ? መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሚያዝያ 2017 ላይ የተከፈተው አዲስ አበባ ነው። ብዙ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚያልቅ ማየት የሚፈልግ ኃላፊ ጠዋት በታክሲ ሄዶ አይቶ፣ ከሰዓት ቢሮው ገብቶ ይፈርማል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ስንቱ ስብሰባ በዙም አልተካሄደም? ያኔ የተቻለው ዛሬ ለምን እንደማይቻል ቢነገረን ደስ ይለኛል።

ገንዘቡ የእኛ ነው። እማማ ሳሙና ሲገዙ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አብረው ይከፍላሉ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ2015 ሲጨምር የኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ ተሰልፎ ከፍሏል። የከፈለ ሰው ሂሳብ ቢጠይቅ ነገር ፈላጊ ሊባል አይገባም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ከከለከሉን እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ስለዚህ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዘንድሮ ለስልጠናና ለልምድ ልውውጥ ከከተማ ውጪ የሄደው ማን ነው? ስንት ወጣ? ስብሰባው እዚህ ያልተደረገው ለምንድን ነው? ተመልሰው ምን ለወጡ? መልሱ ደግሞ ፋይል ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም። የግብር ክፍያ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦርድ ላይ አብሮ ይለጠፍልን። ሌላው ጥያቄዬ ከቢሮ የሚወጣ ኃላፊ ሁሉ የተወካዩን ስም በሩ ላይ እንዲጽፍ ነው።

የእማማ ደብዳቤ ሰኞ ተፈርሟል። የሐኪም ቀጠሯቸው ግን አልፏል፣ አሁን አዲስ ወረፋ ነው የያዙት። ማመልከቻው ላይ አብሮኝ መፈረም የሚፈልግ የብሎካችን ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚቴው ቢሮ እገኛለሁ። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ።