አራጣ ያልተጻፈበት የአራጣ ውል

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በወለድ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። አበዳሪና ተበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ ሊስማሙ አይችሉም፤ ከዚያ በላይ ከተስማሙ ተበዳሪው የሚገደደው 9 በመቶ ብቻ እንዲከፍል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የሰውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ ሕጉ ከወሰነው ወለድ በላይ ማበደርን በአንቀጽ 712 አራጣ ብሎ ያስቀጣል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው የት እንደሚገኝ የማያውቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ላይ ይመስለኛል። አራጣ አበዳሪ ወለዱን በውሉ ውስጥ አይጽፍም። 300,000 ብር ለስድስት ወር በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው፣ ተበዳሪውን የሚያስፈርመው «480,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» በሚል ውል ነው። በዚሁ መጠን ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክም ይቀበላል። ቀኑ ደርሶ ተበዳሪው መክፈል ካቃተው፣ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል በመሆኑ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርበው አራጣ የተበላው እንጂ የበላው አይደለም። ቼክ የሌለው ሰው ደግሞ አንዳንዴ የቤት ሽያጭ ውል ይፈርማል፤ የቤቱ ዋጋ ተብሎ የሚጻፈውም ያው ብድሩ ነው።

ፍርድ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ይህ ድንጋጌ የታሰበው ሐሰተኛ ምስክር አቁሞ ብድር የሚፈጥረውን ሰው ለመከላከል ነበር፤ ዛሬ ግን ፊርማውን በእጁ የያዘውን አበዳሪ ይጠቅማል። ተበዳሪው «የወሰድኩት 300,000 ብር ነው» ቢል ፊርማው አስቀድሞ መስክሮበታል፤ ገንዘቡ በጥሬው ከተሰጠ ደግሞ የሚጠቀስ ሌላ ማስረጃ የለውም።

ፈቃድ ያላቸው አነስተኛ አበዳሪዎች ጉዳይ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግፍ ይሆናል። የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 40/1988፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 626/2001 በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር የሚሠሩ ሲሆን፣ የማበደሪያ ወለዳቸውንም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጣሪያ ሳይታሰሩ ራሳቸው እንዲወስኑ ተፈቅዶላቸዋል። ከመካከላቸው አድገው እንደ ፀደይና ሲንቄ ባንክ ለመሆን የበቁ አሉ። እዚህ የሚያሳስበኝ የወለዱ መጠን ሳይሆን የሚነገርበት መንገድ ነው።

በቅርቡ አንዲት ዘመዴ የብድር ውሏን ልካልኝ አብረን ተመልክተነው ነበር። 12,000 ብር ለ12 ወር በ18 በመቶ ወለድ ይላል። ስሌቱ በተለምዶ ፍላት የሚባለው ስለሆነ ወለዱ 2,160 ብር፣ የወር ክፍያውም 1,180 ብር ነው። ይሁን እንጂ 12,000 ብሩ ዓመቱን ሙሉ በእጇ አይቆይም፤ በየወሩ ከዋናው ገንዘብ ላይ እየመለሰች ወለዱን የምትከፍለው ግን ከመነሻው ባለው ልክ ነው። በቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ ቢታሰብ ኖሮ ይህ ክፍያ በዓመት ከ31 በመቶ በላይ ማለት ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባው ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ብድር መውሰዷ ስህተት ነበር አልልም፤ ሱቋ ዕቃ ያስፈልገው ነበር። ሆኖም 18 በመቶ በሚል ቁጥር አማካይነት ከሌላ አበዳሪ ጋር እንድታወዳድር መጋበዟ ትክክል አይደለም። በስልክ የሚሰጡ ብድሮችም ዋጋቸውን «የአገልግሎት ክፍያ» ሲሉት ተበዳሪው የሚገጥመው ያው ነው።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን ሌላ መመሪያ ከመጨመሬ በፊት፣ እያንዳንዱ ውል በመጀመሪያው ገጹ ላይ ተበዳሪው በእጁ የሚገባውን ገንዘብና መልሶ የሚከፍለውን ጠቅላላ ገንዘብ ጎን ለጎን እንዲያሳይ አስገድድ ነበር። አራጣን በተመለከተ ደግሞ፣ ስንቅ የሌለው ቼክ ይዞ ለሚመጣ አቤት ባይ መርማሪው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን 480,000 ብር ከየትኛው ሒሳብ፣ መቼ አውጥተህ ሰጠኸው?» የሚል መሆን አለበት።